እልል የተባለለት ደም

ሰው ሲያዝን ያለቅሳል። እኔ ግን በሕይወቴ ትልቁ ሐዘን በደረሰብኝ ሰሞን እንባ የሚባል ነገር ጠብ አላለኝም። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰላምታ ሲሰጡኝ እመልሳለሁ፤ የሆነው ሁሉ ግን ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ወሬ ሆኖብኝ ነበር። ስለዚህ ይህን ስታነቡ «ይቺ ሴትዮ ልብ የላትም እንዴ?» ብትሉ አልቀየማችሁም። እኔም ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች አንዲት መጋረጃ ቤት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲስ ቤት የገባ ሰው አልጋም ባይኖረው መጋረጃ ይፈልጋል፣ ጎረቤት እንዳያየው። ስለዚህ ሥራ ጠፍቶብን አያውቅም። የሱቋ ባለቤት ሐያት ትባላለች። የስልጤ ልጅ ናት፣ የአራት ልጆች እናት፣ አፏ የማያርፍ፣ እጇም የማይሰስት ሴት። አለቃዬ ናት ብል እሷ ራሷ ትስቅብኛለች፤ እህቴ ማለት ይቀለኛል።

ባሌ ቶሎሳ መካኒሳ አቦ አካባቢ ብረት ብየዳ ይሠራል። ቤተሰቦቹ ለቡ መብራት ኃይል አጠገብ፣ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት ጀምሮ ያርሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እርሻው ዛሬ ፎቅና አስፋልት ሆኗል። የተረፈው ግቢያቸውና የእናቱ ሁለት ላሞች ናቸው። እናቱ እማማ ቀነኒ ይባላሉ፤ ወተት ለሰፈሩ ይሸጣሉ፣ ሐያትም ደንበኛቸው ናት። እኔና ቶሎሳ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጀምረን ነበር የተጋባነው። ጀምረን ነው ያልኩት፤ ጣሪያ አልነበራትም።

ልጅ ወዲያው እንዳንወልድ የተስማማነው ሁለታችንም ነን። ጣሪያ በሌለበት ቤት ሕፃን አይታጠብም ተባባልንና ጤና ጣቢያ ሄጄ የሦስት ወሩን መርፌ ጀመርኩ። እማማም ያውቃሉ። «ቤታችሁን ጨርሱ፣ እኔ የትም አልሄድም» ነበር ያሉት። መርፌውን ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ የወር አበባዬ ጨርሶ ቀረ። ነርሷን ስጠይቃት «የተለመደ ነው፣ ሲተዉት ይመለሳል፣ አትደንግጪ» አለችኝ። አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም ተመቸኝ። ሞዴስ የሚባል ነገር ሳልገዛ ዓመታት አለፉ።

ቤቷ ስታልቅ መርፌውን ተውኩት። ከዚያ መጠበቅ መጣ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፋርማሲ እየገዛሁ በሽንት የሚታየውን ምርመራ አደርግ ነበር። ሁልጊዜ አንድ መስመር። ሁልጊዜ ቶሎሳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ሁልጊዜ ፊቴን አይቶ ወደ ሥራው ይወጣል። በኋላ እሱም በር ላይ መቆሙን ተወው፣ እኔም መግዛቱን ተውኩት። የተውኩበት ምክንያት ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ብቻ አልነበረም። ሐያት ናት ያስተወችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጨርቅ እየለካች። «እኔ ሦስተኛዋን ከማርገዜ በፊት መርፌውን ትቼ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። መርፌው ከደምሽ መውጣት አለበት። መጀመሪያ የወር አበባሽ ይመለሳል፣ ከዚያ ልጁ ይከተላል። ደሙ ሳይመጣ ምርመራ መግዛት ለፋርማሲው ምጽዋት ነው።»

ልክ መስሎ ታየኝ። ለእማማ ስነግራቸው እሳቸውም ልክ ነው አሉ። ጎረቤትም፣ ዘመድም፣ መንገድ ላይ የምናገኛት ሴት ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ታውቀዋለች፤ ደም ይቀድማል፣ ልጅ ይከተላል። በዚህ የማይስማማ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ልጅ መጠበቁን ትቼ ደም መጠበቅ ጀመርኩ። ሌላ ሴት ስትመጣባት የምትማረርበትን ነገር እኔ ጠዋት ጠዋት እፈልገው ነበር።

ቶሎሳ ለእናቱ አንድ ነው። ሰው ይህን እንዳልረሳ ያስታውሰኝ ነበር። ማኅበር ላይ አንዲት አሮጊት ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «አደራ፣ ቤቱን ባዶ እንዳታደርጊው» አሉኝ። እማማ ቀነኒ «ልጄን ተዉአት፣ ጊዜው ሲደርስ ይሆናል» ብለው ዝም አሰኟቸው። የሚያሳዝነው እማማ ክፉ አማት አለመሆናቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

እንዲህ ወር ወርን እየተካ ሳለ አንድ ምሽት እማማ ወደ ቤታችን መጡና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ መርፌው አልወጣልሽም» አሉኝ። «እኔ የሚያወጣውን አውቃለሁ። ጠበል አብረን እንግባ።»

ቶሎሳን አየሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። «ምን ይጎዳል?» አለ። እውነቱን ነው፣ ምን ይጎዳል። ሐያት አንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት አርፍጄ እንድገባ ፈቀደችልኝ።

ከሰፈራችን ራቅ ያለ ጠበል ነው። ሳይነጋ ታክሲ ይዘን እንሄዳለን፣ በባዶ ሆድ። ሴቶች ወረፋ ይዘው፣ ጀሪካናቸውን ከፊታቸው አሰልፈው ቆመው እናገኛቸዋለን። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ መጀመሪያ ይጠጣሉ፣ ቀጥሎ ይጠመቃሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ትልቅ ጣሳ ጠጥቼ ሁለተኛው ላይ ስደርስ አልወርድ አለኝ። ጥግ ይዤ አስመለስኩ።

እማማ ጀርባዬን ይዘው «እሰይ» አሉ። «ጨርሺው፣ አታስቀሪው።»

አጠገባችን የነበረች ወፍራም ሴት ቀረብ ብላ ያስመለስኩትን አየች። ጠበል ቦታ የሰው ትፋት ማየት ነውር አይደለም። «ምኗን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው፣ አልወጣ ብሏት» አሉ እማማ።

«ታዲያ እሱው ነው እንጂ። ቢጫውን አያዩትም?» አለች ሴትዮዋ። «እንኳን ወጣልሽ፣ እህቴ።»

በጠበል ቦታ ማስመለስ መዳን ነው። ያላስመለሰ ሰው ነው የሚያሳስበው። እኔም በየቀኑ አስመለስኩ። በየቀኑም እማማ ፊታቸው እየበራ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግን ጠበሉ ጋ ሳልደርስ፣ ገና ታክሲ ውስጥ እያለን ምራቄ ሞላና ታክሲውን አስቁሜ መንገድ ዳር አስመለስኩ። አፌን በውሃ እየታጠብኩ «እማማ፣ ዛሬ እኮ ምንም አልጠጣሁም» አልኳቸው።

እማማ ትንሽ አሰቡ። «ገና ስንቀርብ ነው የፈራው» አሉ። «ሊለቅሽ ነው።»

ይህን ስጽፍ አሁን ሁሉም ነገር ፍጥጥ ብሎ ይታየኛል። እናንተም ያያችሁት ይመስለኛል። እኔ ግን አላየሁም። ሱቅ ስገባ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ሲያስጠላኝ ጠበሉ ሆዴን ስላዳከመው ነው አልኩ። ጡቴን ሲያመኝ በብርድ ውሃ ተጠምቄ ነው አልኩ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ላይ አንገቴን ደፍቼ ስተኛ ሐያት «ሳይነጋ መነሳት እኮ ነው» ብላ ጨርቅ ጣል አደረገችብኝ። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ አንድ ምክንያት ተገኝቶለት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ልጠመቅ ልብሴን ሳወልቅ የውስጥ ልብሴ ላይ ደም አየሁ። ትንሽ ናት፣ ወደ ቡናማ የምታደላ። ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየኋት። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ደስታው ግን እስኪመጣ ድረስ ብጠብቀው አልመጣም። መልሼ ለበስኩና ወደ እማማ ሄድኩ።

«እማማ፣ መጣ» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ደሙ።»

አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ክንዴን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱኝ፤ ደም የታየባት ሴት ጠበል ውስጥ አትቆምም። አስፋልቱን ተሻገርን። ታክሲ መጠበቂያው ጋ ስንደርስ ቆሙ፣ ጀሪካናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ከዚያ እልል አሉ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ትንፋሻቸው እስኪያጥር። ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ሠርግ አለ እንዴ፣ እማማ?» አለ አንድ ሰውዬ እየሳቀ።

«ከሠርግ ይበልጣል» አሉት።

እኔም ሳቅኩ። ሰው ሲስቅልህ መሳቅ ነው። ታክሲ ውስጥ እጄን ይዘው «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው በኦሮምኛ። ሲከፋቸው ወይ ሲደሰቱ ነው በኦሮምኛ የሚጠሩኝ።

ቤት ስንገባ ከራሳቸው ላም የተናጠ ለጋ ቅቤ አምጥተው አናቴ ላይ አደረጉልኝ። ማታ ቶሎሳ ኬክ ይዞ መጣ። ኬክ ቤቱ ምን ይጻፍበት ሲለው አፍሮ «ምንም» ብሎ ነው የመጣው። በዚህ ምድር ላይ ለወር አበባዋ ኬክ የተቆረሰላት ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቆርሰን በላን። ቶሎሳ እያጎረሰኝ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይል ነበር፤ ለካ እሱም ይህን ያህል ፈርቶ ኖሯል። ዓርብ ሱቅ ስገባ ሐያት ወሬውን ከወተቱ ጋር ሰምታው ጠበቀችኝ። «አላልኩሽም? ደሙ ይቀድማል አላልኩሽም?» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁርጠት ጀመረኝ። ማታ ባሰ። እማማ «የዓመታት ነው እኮ የተጠራቀመው፣ በአንዴ ሲወርድ ያማል» ብለው አጥሚት ሠሩልኝ። ይህም ምክንያት ተገኘለት። ቅዳሜ ጠዋት እማማ ወተት ሊያደርሱ ወጡ። ቶሎሳ ቤት ነበር። ከአልጋ ስነሳ አንድ ነገር ከውስጤ ሲላቀቅ ተሰማኝ፤ ደሙ በእግሬ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ደረሰ። ሞዴስ የሚይዘው ዓይነት አልነበረም። ጆሮዬ ጭው አለ። ግድግዳውን ይዤ «ቶሎሳ፣ ይሄ በዛ» አልኩ። እንደዚያ ብቻ ነው ያልኩት። ድምፄ የመጋረጃ ልክ የምናገርበት ድምፅ ነበር።

በባጃጅ ሄድን፤ ሾፌሩ መቀመጫው እንዳይበላሽበት ካርቶን አነጠፈልኝ። አልተቀየምኩትም። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስንገባ ቶሎሳን ውጪ አስቀሩት። አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። ደከም ያለ ፊት፣ ለስላሳ ድምፅ።

«የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» አለችኝ።

«ሐሙስ።»

«ይሄኛው አይደለም። ከዚህ በፊት ያለው።»

ማሰብ ነበረብኝ። «መርፌውን የጀመርኩ ሰሞን። አዲስ ሙሽራ እያለሁ ማለት ይቻላል።»

ከምትጽፍበት ቀና ብላ አየችኝ። «መርፌውን ካቆምሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«በቅርቡ የእርግዝና ምርመራ አድርገሽ ነበር?»

«ደሙ ሳይመለስ ምን ብዬ እመረመራለሁ?» አልኳት።

ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀባችና አልትራሳውንዱን አንቀሳቀሰች። ለረጅም ጊዜ አየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ፤ አንዱ አምፖል ብልጭ ብልጭ ይላል። አንዲት ነርስ ክንዴ ላይ መርፌ ስትተክል ጎንበስ አለችና «ምንድን ነው ቅቤ ቅቤ የሚለው?» አለች።

«ፀጉሬ ነው» አልኩ።

«አራስ ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም።»

ዶክተሯ ነርሷን በዓይኗ ዝም አሰኘቻት። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሐኪም ቁጭ ሲል ደግ ነገር አይደለም።

«እርጉዝ ነበርሽ» አለችኝ። «ሁለት ወር አልፎት ነበር። ፅንሱ ወርዷል፣ ግን ውስጥ የቀረ አለ፤ ደሙ ያልቆመው ለዚያ ነው። አሁን ማጽዳት አለብን።»

ያን ቃል ስጠብቀው ኖሬ፣ ስሰማው ነገሩ አልቆ ነበር። የሚገርማችሁ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፤ ክርክር ነው።

«አይሆንም» አልኳት። «ደሙ ነው እኮ የሚቀድመው። ደሜ ገና አልተመለሰም ነበር።»

«እንቁላሉ ነው የሚቀድመው» አለች ቀስ ብላ። «መርፌው ሲለቅሽ መጀመሪያ እንቁላል ይወጣል። ያ እንቁላል ካልፀነሰ ነው ደም የሚታየው። ያንቺ የመጀመሪያው ፀነሰ። ለዚህ ነው ደም ያላየሽው።»

ስለጠበሉ ነገርኳት፤ ስለማስመለሱ፣ ስለባዶ ሆዱ፣ ስለቀዝቃዛው ውሃ። «ያ ነው ያስወረደኝ?»

«አይመስለኝም» አለች። «በዚህ ጊዜ የሚወርድ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከራሱ ነው፣ ማንም አያስቆመውም። እኛም ጋ ብትመጪ ላናተርፈው እንችል ነበር።» እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች። «ቢያንስ ግን ታውቂው ነበር።»

ዶክተሯ ይህን ያለችው ልትጎዳኝ አይደለም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከነገረችኝ ሁሉ ይህቺ ናት ከእኔ ጋር የቀረችው። ሁለት ወር ሙሉ እናት ነበርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አላወቅኩትም። ሆዴን አንድ ቀን በእጄ አልያዝኩትም። ያወቅኩት ሲሄድ ነው፣ ሲሄድ ደግሞ ኬክ ቆርሼበታለሁ።

ይህን ሁሉ አሰብኩ፣ ግን አልተሰማኝም። ማሰብና መሰማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ቶሎሳ ገባ። ነግረውታል። አልጋው አጠገብ ቆመ፣ ቀጥሎ ተቀመጠ፣ መልሶ ቆመ። እጆቹ የብየዳ ጠባሳ ያለባቸው ትልልቅ እጆች ናቸው፤ የት እንደሚያስቀምጣቸው ጠፋበት።

«ለእማ አንንገራት» አለኝ በመጨረሻ።

«ምን እንበላቸው?»

«ደሙ ጠና፣ መድኃኒት ሰጡን እንላለን። አስፋልት ላይ ቆማ እልል ብላለች እኮ። ይህን ከሰማች አትነሳም።»

እሺ አልኩ። ያኔ ከሰማይ በታች ያለውን ነገር ሁሉ እሺ እል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሳምንታት እንዴት ልግለጻቸው? የደስታ ሳምንታት ነበሩ፣ ለሌላው ሰው። እማማ ለሚያውቁት ሁሉ ተናግረዋል። መንገድ ላይ «እንኳን ደስ አለሽ» ይሉኛል፣ «አሜን» እላለሁ። «በሚቀጥለው ወር ነው» ይሉኛል፣ «አሜን»። ሐያት የሕፃን ክፍል መጋረጃ የሚሆን ቢራቢሮ ያለበት ጨርቅ ቆርጣ ለብቻው አስቀመጠችልኝ። አመሰገንኳት። የቤቴ ሰው ቢሞት ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሰው መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። እኔ የሞተብኝን ማንም አያውቅም፤ ጭራሽ እየተመረቅኩ ነው። ቶሎሳ ማታ ማታ ጀርባውን ሰጥቶ ይተኛል። እንዳልተኛ አውቃለሁ፤ እሱም እንዳልተኛሁ ያውቃል። ያም ሆኖ አላለቀስኩም። ማሽኑን እረግጣለሁ፣ ጨርቁ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ወደ እናንተ ዞር ልበል፣ በተለይ ወደ እህቶቼ።

መርፌውን ልስደብላችሁ አይደለም የጻፍኩት። መርፌው መሃን አላደረገኝም፤ እንዲያውም መፅነሴ ራሱ ለዚህ ማስረጃ ነው። ጠበሉንም አልወቅስም፤ እምነቴ ነው፣ ዛሬም እሄዳለሁ። ሐያትንም እማማንም አልወቅስም። የተናገሩት ከፍቅር ነው፣ ደግሞም አብዛኛው እውነት ነው፤ መርፌ ያቆመች ሴት ብዙ ወራት ልትጠብቅ ትችላለች። የተሳሳትነው አንዱ ላይ ብቻ ነው። ደሙ ካልመጣ ልጅ አይመጣም ብለን አመንን። መርፌ አቁማችሁ ደም ሳታዩ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ሆዳችሁ ሲገለበጥ፣ ጨርቅ ሲሸታችሁ፣ ጡታችሁን ሲያማችሁ፣ ምክንያት አትፈልጉለት። ፋርማሲ ሂዱ። ጠበልም የምትገቡ ከሆነ አውቃችሁት ግቡ። ልጄን ላተርፈው እችል ነበር ወይ ለሚለው መልስ የለኝም። ግን ሲመጣ «እንኳን መጣህ» ልለው እችል ነበር።

አሁንስ ልጅ አለሽ ወይ ለምትሉኝ፣ ገና ነው። የወር አበባዬ በደንብ ተመልሷል፣ ዶክተሯም ጤነኛ ነሽ ብላኛለች። እንጠብቃለን። ይልቅ ያ ድንዛዜ እንዴት እንደለቀቀኝ ልንገራችሁ።

እማማ ለካ ተስለው ኖሯል። ደሙ ከተመለሰ ለጠበሉ ቤተ ክርስቲያን ጥላ አስገባለሁ ብለዋል። አንድ እሑድ ጠዋት ነጭ ለብሰው፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጥላ ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ቶሎሳ ታክሲ ሊጠራ ወጥቶ ነበር።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ ይዘሽ የምታስገቢው» አሉኝና ጥላውን ዘረጉልኝ። «ለደሙ እናመሰግናለን።»

እጄን ለመዘርጋት ሞከርኩ። በእውነት ሞከርኩ። ወሩን ሙሉ ለሁሉም ነገር እሺ ስል የነበርኩት ሴት ለዚህ እሺ ማለት አቃተኝ።

«እማማ፣ ለዚያ ደም ማመስገን አልችልም» አልኳቸው።

«ለምን?»

«የወር አበባ አልነበረም። ልጅ ነበር።»

ጥላውን እንደያዙ ቆሙ። ነገርኳቸው፤ ሆስፒታሉን፣ ዶክተሯ ያለችውን፣ ሁሉንም። በማላውቀው እርጋታ ነገርኳቸው።

«ጠበል ሳጠጣሽ ሆድሽ ውስጥ ነበር?» አሉ።

«ነበር።»

«ያ ማስመለስ…»

«እሱ ነበር።»

«እኔም እልል አልኩበት» አሉ። ድምፃቸው አልተነሳም። «መንገድ ላይ ቆሜ እልል አልኩበት።»

«አላወቅንም፣ እማማ። ሐኪሟ የማንም ጥፋት አይደለም ብላለች።»

ጥላውን ጥግ ላይ አቆሙት። ወጥተው የሚሄዱ መሰለኝ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገለበጡት፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው አድርገው ተከናነቡት። ሶፋው ባዶ ነበር፤ እሳቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው ነኩልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።

እንደዚያ ሆነን ሳለን በሩ ተንኳኳና ሐያት የወተት ዕቃዋን ይዛ ገባች። እማማን ከቤታቸው አጥታቸው ነው ወደ እኔ የመጣችው። ነጠላቸውን አየችና ደነገጠች።

«ውይ እማማ፣ ማን ሞተ?»

«የልጅ ልጄ» አሉ እማማ ቀነኒ።

ሐያት ግራ ገብቷት አየቻቸው፤ የልጅ ልጅ እንደሌላቸው ታውቃለች። ቀጥላ እኔን አየች። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች አላውቅም፣ የአራት ልጆች እናት ናት። የወተት ዕቃዋን በር ላይ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ መጥታ በሌላው ጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች። እጄን ያዘች።

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አለችኝ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ብሎኛል። ያጽናሽ ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ያኔ ነው ያለቀስኩት። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፣ በኋላ ግን እማማ ደረታቸውን እየመቱ በኦሮምኛ ሲያለቅሱ እኔም እንደ ሰው አለቀስኩ። ቶሎሳ ታክሲ ይዞ ሲመለስ ሦስታችንንም መሬት ላይ አገኘን። የእናቱን ነጠላ አየ። ወጥቶ ባለታክሲውን አሰናበተው፣ ተመልሶ ገባና አጠገባችን ቁጭ ብሎ ልጁን አለቀሰ።